የሟች ደንበኝነት አጭር የሕይወት ታሪክ

ሟች ደንበኝነት፣ ማለትም ገዢና ሻጭ ያለ ጽሑፍ የሚዋዋሉበት የኖረ ልማድ፣ ከአባቱ ከእምነትና ከእናቱ ከሰላምታ በሱቅ ደጃፍ ተወልዶ፣ በዚያው ሲያገለግል ኖሮ፣ ባደረበት ሕመም አስታማሚ ሳያገኝ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ስሙ «ደንብ» ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን፣ «ደንበኛ» ማለት ከአንድ ቤት ዘወትር የሚገዛ ሰው ከመሆኑም ሌላ፣ «ደንበኛ ባለሙያ» እንደሚባለው እውነተኛና ትክክለኛ ማለትም ስለሆነ፣ ሟች ከተራ ገዢ የሚለይ ማዕረግ ነበረው።

በአዲስ አበባ ቀድሞ «ዐረብ ቤት» ይባሉ በነበሩት የየመናውያን ሱቆች፣ በኋላም በጉራጌ ነጋዴዎች ዘንድ የሟች የሥራ ድርሻ ሰፊ ነበር። ዱቤ፣ ማለትም ዕቃው ዛሬ ተወስዶ ሒሳቡ ደመወዝ ሲወጣ የሚከፈልበት ግዢ፣ ያለ መያዣ የሚሰጠው በእርሱ ዋስትና ሲሆን፣ ምርቃት፣ ማለትም ሚዛኑ ከሞላ በኋላ የምትጨመረው አንድ ራስ ሽንኩርት፣ የምትገኘውም በእርሱ ስም ነበር። ዘይት በጠፋበት ሰሞን ከባንኮኒው ሥር አንድ ሊትር ደብቆ የሚያቆየውም እርሱ ነበር (ይህ ለሌላው ገዢ ፍትሕ አልነበረም፤ ይሁንና የሟችን ነውር በቀብሩ ላይ ማንሣት አልተለመደም)።

ስለ አሟሟቱ ብዙዎች የዋጋ ንረትን ይከሳሉ፤ ክሱ ግን አያስኬድም፣ ዘይት በየሱቁ ሁሉ ተወድዷልና። ሕመሙ የጀመረው ባለሱቁ ደንበኛውን «ቤተኛ» ማለት በጀመረ ጊዜ ነው። ቤተኛ እንደ ቤተሰብ የሚቆጠር ሰው ሲሆን፣ በሱቅ ቋንቋ ግን ትርጉሙ ቀስ በቀስ ተለውጦ፣ የትም የማይሄድ፣ ስለዚህም ቢያስጠብቁት የማይቀየም ሰው ማለት ሆነ። አላፊ አግዳሚው ሲመጣ ባለሱቁ ከወንበሩ ይነሣል፤ ለዓመታት የተመላለሱት እናት ግን «እማማ፣ እርስዎማ ቤተኛ ነዎት፣ ትንሽ ይታገሡ» ተብለው ቆመው ይጠብቃሉ፤ ትኩሱ ዳቦ ለአላፊው ሄዶ የትናንቱ ይደርሳቸዋል። ለመልሳቸው ዝርዝር ጠፍቶ ሁለት ማስቲካ ይዘረጋላቸዋል፤ ጥርሳቸው መርገፉን ከማንም በላይ የሚያውቀው ግን ለስላሳ ዳቦ ሲመርጥላቸው የኖረው ራሱ ባለሱቁ ነው፤ ዓይኑ ከስልኩ ላይ ስለማይነሣ ልብ አላለም እንጂ።

በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው ዋጋ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ቢያስገድድም፣ የሚያውቀው ሸማችን፣ ማለትም ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው፣ እንጂ ደንበኛን ስላልነበረ፣ ስሙን ከደንብ ያገኘው ሟች ደንብ ሳይወጣለት አረፈ። ከእርሱ የቀረ ንብረት ቢኖር፣ ከመደርደሪያው በላይ ዝንብ ያጠቆረው «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል የካርቶን ጽሑፍ ብቻ ነው።

የሞተበት ቀን በውል የማይታወቀው አሟሟቱ ድምፅ ስላልነበረው ነው። የተቀየመ ደንበኛ በአብዛኛው አይሳደብም፣ ሰላምታም አያቋርጥም፤ ይሉኝታ ስለሚይዘው ከሌላ ሱቅ የገዛበትን ፌስታል በነጠላው ሸፍኖ በዚያው ደጅ ያልፋል እንጂ። እማማም የወሩን ዱቤ ከነሳንቲሙ ቆጥረው ያስረከቡ ዕለት፣ ባለሱቁ በሲባጎ በታሰረው እስክሪብቶ የዱቤ ደብተሩን ገጽ ሰርዞ፣ «እንደ እርስዎ ያለ ከፋይ የት ይገኛል!» እያለ በደስታ ሸኛቸው። በስማቸው የከፈተው አዲሱ ገጽ እስከ ዛሬ ምንም አልተጻፈበትም፤ እርሱ ግን እማማ ልጃቸው ከውጭ ገንዘብ እየላከላቸው ዱቤ ትተዋል ብሎ ያምናል።