ሲቪ በፌስታል

ፊልም ላይ ያለው ወጣት በሐምሌ ባሕር ዳርቻ ተጋድሞ፣ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የቀዘቀዘ ነገር ይጠጣል። የቂርቆስ ክፍለ ከተማ እኩያው በዚያው ሐምሌ ሁለት ሹራብ ደርቦ ኡራኤል ጋ ታክሲ ይጠብቃል። ሲቪው በፌስታል ተጠቅልሏል። እሱ ራሱ ግን ጃንጥላ የለውም፤ የሰፈር ወንድ ከሚያፍርባቸው ነገሮች አንዱ ጃንጥላ ነው።

ጥፋቱ የከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ተሰቅላ ተቀምጣለች። እርጥቡ የክረምት ነፋስ ደጋውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ሸክሙን እላይዋ ላይ ያራግፋል። ሮም በሙቀት ስትንጨረጨር እዚህ ቀትር ላይ 20 ዲግሪ ከተገኘ ተመስገን ነው። ሀብተሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን የ13 ወር ፀሐይ ያላት አገር ብለው ለቱሪስት ሲያስተዋውቁ፣ ስለ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይዋን ያማከሯት አይመስልም።

ክረምት የምረቃም ወቅት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ያላለፈ ዲግሪውን አያገኝም። ያለፈው ቴምፖውን ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሰለፋል። ቴሌግራም ላይ «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ከወጣማ የከተማው ተመራቂ ሁሉ አንድ በር ላይ ይገናኛል፤ የክፍል ጓደኞች የሚናፈቁበት ጊዜ የለም።

እናቱ በበኩሏ ሐምሌ 19ን ትጠብቃለች። ገብርኤል ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያዳነበት ቀን ነው። ከዚያ ያወጣ መልአክ ከሥራ ፈትነት ማውጣት አያቅተውም ብላ ተስላለች።

ለካዛንቺስ ልጅ ሌላ ጣጣም አለ። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራ ሄደ። ቤቱ ሄደ እንጂ ልጁ መቼ ሄደ? ጓደኞቹን የሚያገኘው አሁንም እዚሁ ነው። ታክሲ ከፍሎ ይመጣና ከተረፈው አካባቢ አንዱ ጥግ፣ በቆሎ ጠባሿ ዘንድ፣ ከሰሉ ላይ እጁን ይዘረጋል።

«ለሙቀቱም ይከፈላል እንዴ፣ እናት?»

«ሥራ ስትይዝ ታወራርዳለህ፣ የኔ ልጅ።»

በቆሎውን አገላብጣ ታራግባለች። ዝናቡ ሲበረታ ላስቲኳን ወደ እሱ ትገፋለታለች፤ ወዲያው ሌሎች ሦስት ሥራ ፈላጊዎች ይጠለሉበታል።

ነሐሴ 13 ቡሄ ይመጣል። ትናንት ዱላ ይዞ በየበሩ ሲጨፍር የነበረው ልጅ ዛሬ በሩን ከፋች ሆኗል። ሆያ ሆዬ ባዮቹ «ጋሼ» እያሉ ያወድሱታል፤ ማዕረጉ ከደሞዙ ቀድሞ ደርሷል። ሙልሙል ቢያቀርብላቸው ተቀብለው እዚያው ቆሙ። «ዝርዝር የለኝም» ብሎ ሊገላገል ሲል፣ መሪያቸው ከኪሱ ስልክ አወጣ።

«ችግር የለም ጋሼ፣ በቴሌብር ይላኩልን።»