ከመላእክቱ ሥር እኔ

ሩዙ ተወቅቶ፣ ተፈትጎ፣ ገንዘቡ ኪስ ሲገባ የፎገራን ሰው እግሩን ይበላዋል። ጥር ሲጠባማ የጎንደር ነገር አያስቀምጥም፤ ጥር 7 ሥላሴ፣ ጥር 11 ጥምቀት። መንገዱ ሰላም ከሆነ ወረታ ላይ ሚኒባስ በኮንትራት ይያዛል፣ ነጠላ ይታጠባል፣ ስልክ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ያድራል። ቻርጅ ማድረግ የረሳ ሰው ቢቀር ይሻለዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን በዓይን ብቻ አይቶ መመለስ ምን ይረባል?

እኔ ይህን ልማድ ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም። እንዲያውም ሥርዓቱ ሊጻፍለት ይገባል እላለሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ መንገድ ላይ አይወረድም። ርብን ተሻግረው፣ አዲስ ዘመንን አልፈው እንፍራዝ ሲደርሱ ኮረብታው ላይ የጉዛራ ግንብ አለ። ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ዐፄ ሠርጸ ድንግል እንዳሠሩት ይነገራል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1979 የጎንደርን ቅርሶች ሲመዘግብ አብሮ ጽፎታል። ታዲያ ምን ይሁን? እንፍራዝ ላይ ወራጅ የሚኖረው ሽንት የያዘው እንደሆነ ነው። ጉዛራ ፊት የተነሡት ፎቶ «ይሄ ደግሞ የት ነው?» ያስብላል፤ መልስ ያስፈልገዋል፤ ለመልሱ ማንበብ ሊመጣ ነው። ማን በገንዘቡ ጣጣ ይገዛል?

ደብረ ብርሃን ግን አያስጠይቅም። ቅጥሩ ላይ ያሉት 12 ማማዎች የሐዋርያት፣ በሩ ያለበት 13ኛው የጌታ ምሳሌ እንደሆነ አስጎብኚው ገና መናገር ሲጀምር ጎብኚው ጫማውን አውልቆ ገብቷል። አስጎብኚው ተከትሎ ይገባል፦ ቀዳማዊ ኢያሱ ያሠሩት ክብ ሕንፃ በመብረቅ እንደጠፋ፣ ይህ አራት ማዕዘኑ ከዚያ በኋላ እንደተሠራ፣ የግድግዳው ሥዕል ጨርቅ ላይ ተሥሎ እንደተለጠፈ ያስረዳል። የሚያዳምጠው ግድግዳው ነው። ጎብኚው አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ስልኩን አገጩ ሥር ይዞ፣ የራሱ ፊትና የመላእክቱ ፊት እኩል የሚገቡበትን ቦታ እየፈለገ ነው። መላእክቱ ከጣሪያው ሆነው ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩታል። ስንት ናቸው? አንዱ 104 ይላል፣ ሌላው 135። ለመቁጠር ትንሽ መቆም ያስፈልጋል፤ ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ ባለበት ይህ ነውር ነው።

«ፍላሽ አጥፉ! ሥዕሉን ይጎዳል!» ይላሉ ጠባቂው።

«እሺ አባ፣ አንዴ ብቻ።»

ሃያ ሰው እያንዳንዱ «አንዴ ብቻ» ሲል ድምሩ ስንት እንደሚመጣ ለሩዝ ነጋዴ አይነገርም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ይህችን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ እንዳተረፋት ይተረካል። ደርቡሽ እሳት ይዞ ስለመጣ በሩቁ ታወቀ። እኛ ነጠላ አጣፍተን ነው የምንገባው፤ ንቡስ በምን ይለየናል?

እንግዲህ ሥርዓት የማያውቅ አይጠፋም። አንዲት አሮጊት መቃኑን ተሳልመው፣ ከሥላሴ ሥዕል ፊት ተንበርክከው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ መነሣት እምቢ አሉ። አንድ ጨዋ ወጣት በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፤ ፎቶው ውስጥ እየገቡብን ነው» አላቸው። ፈቀቅ አሉ። ያን ሁሉ መንገድ መጥተው አንዲት ፎቶ እንኳ ሳይነሡ መውጣታቸው መላውን ሚኒባስ አሳዝኗል።

ቀሪው ቀን የፒያሳ ነው። ጣሊያን ባቆማቸው ሕንፃዎች መሀል ማኪያቶ ታዞ፣ የትኛው ፎቶ ይለጠፍ በሚለው ላይ ረጅም ጉባኤ ይቀመጣል። ለሥዕሉ ያልተገኘው ጊዜ ለፎቶው ሞልቶ ተርፏል፤ አንዱ መልአክ አፍንጫው ተቆርጦ ስለቀረ ስንት ተባለ!

ከዚህ ሁሉ ድካም የሚገላግል ሐሳብ አለኝ። ወረታ ካሉት ፎቶ ቤቶች አንዱ ያንን ጣሪያ በትልቅ ባነር አሳትሞ ኮርኒሱ ላይ ይወጥረው። 120 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ቀረ፣ ኮንትራት ቀረ። ጫማ አይወልቅም፣ ፍላሽ አይከለከልም፣ «አጥፉ» የሚል አባ የለም። ለተጨማሪ ሂሳብ የንብ ድምፅ በስፒከር ይለቀቃል። እማማ ግን እምቢ እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እሳቸው እንደልማዳቸው ጎንደር ድረስ ሂደው ይሳለሙ። ፈቀቅ በሉ የሚላቸው እንደሆነ አይኖርም።