ለክተን መጣን፤ ማን ይይልን?

ጤና ጣቢያ ስንሄድ «የደም ግፊታችሁን ቤታችሁ እየለካችሁ፣ እየጻፋችሁ ኑ» ይሉናል። እሺ ብለናል። አዲስ አበባ ወይ ጅዳ ልጅ ያለው የግፊት መለኪያ አስመጥቷል፤ የሌለው ከጎረቤት ይዋሳል። ምክሩም ትክክል ነው። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ግፊቱ የሚሻቅብበት ሰው ብዙ ነው፤ ጤና ጣቢያ 140 በ90 የሆነው ወሰን ቤት ሲለካ 135 በ85 የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ይህችን እንኳ ማን ነገረን? መለኪያ ያዙ ተባልን እንጂ አለካኩን ያሳየን የለም።

የእኛዋ የጋይንት ቤተ ልሔም እኮ ድጓ የሚመሰከርባት አገር ናት። ተማሪው አንዲት ምልክት ቢስት የኔታ አስቁመው ያርሙታል፤ እስኪያቃና አያልፉትም። እኛ ጨርቁን ክንዳችን ላይ ስንጠቀልል ግን «እንዲህ አይደለም» የሚለን አንድ ሰው አጣን። በዚህ በጋይንት ብርድ ማን ሹራቡን ያወልቃል? ጨርቁ በሹራቡ ላይ፣ እጅ ተንጠልጥሎ ይለካል። መለኪያው የሚወጣው ደግሞ ጎረቤት ቡና ላይ ሲሰበሰብ፣ በአቦልና በቶና መካከል ነው፤ እየተወራ፣ እየተሳቀ፣ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው እየዞረ። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ሳያልፍ እንደማይለካ፣ ሽንት ይዞ እንደማይለካ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያነባብሩ፣ ክንድን በልብ ትክክል አሳርፎ አምስት ደቂቃ ዝም ማለት እንደሚያስፈልግ መንገር ምን ያህል ይከብዳል?

የባትሪ ድንጋዩስ! ገበያ የሚሸጠው ቶሎ ያልቃል፤ ሲደክም መሣሪያው ጨርቁን ነፍቶ ነፍቶ ቁጥር ሳያወጣ ይጠፋል። ክንደ ወፍራሙ ጠባቡን ጨርቅ በግድ ጠቅልሎ ከእውነቱ የበለጠ ቁጥር ያነብና ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ሌላ ይጨምርበታል። አንድ ቀን 120 ያየው ደግሞ «ዳንኩ» ብሎ ኪኒኑን ያቆማል። ቁጥሩን ያወረደው ያው ሲውጠው የከረመው አምሎዲፒን መሆኑን ማን ያስረዳው? ይህ ነው የሚያስፈራኝ፤ ስትሮክ የሚጥለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ዛሬም የደም ግፊት የከተማ ሀብታም በሽታ ነው የሚል አይጠፋም። በ2007 ዓ.ም. አገር አቀፍ ጥናት ሲደረግ ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍ ያለ ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ሁሉም ሀብታም ነበሩ?

ቁጥሩን የጻፍንበትን ደብተር ይዘን ወደ ጤና ጣቢያው ዳገቱን እንወጣለን። ላባችን ሳይደርቅ አግዳሚው ላይ ቁጭ እንዳልን ይለኩናል፤ ካርዱ ላይ የምትጻፈው ያቺው የድካም ቁጥር ናት። «ደብተሩን ይዩልኝ» ስንል «ሰው ብዙ ነው» እንባላለን። እውነት ነው፣ ሰው ብዙ ነው፤ ባለሙያዎቹም ደክመዋል፤ አንፈርድባቸውም። ግን የማይታይ ከሆነ ለምን ጻፉ እንባላለን? የጤና መድን መዋጮ ከፍለን፣ መድኃኒቱ «የለም፤ ከውጭ ግዙ» በተባልንባቸው ሳምንታት ቁጥሩ እንዴት እንደወጣ፣ ኪኒኑ ሲገኝ እንዴት እንደወረደ ከነቀኑ እዚያ ሰፍሯል። ሁለት ገጽ ቢገልጡ መድኃኒቱ አንሶን ሳይሆን ጠፍቶብን እንደሆነ ያዩት ነበር። ደብተሩ ሳይገለጥ መጠኑ ይጨመርልናል፤ እኛም ያንኑ የጠፋ ኪኒን ፍለጋ ነፋስ መውጫ እንሄዳለን።