የዳሽቦርድ ቀጭ ቀጭ፦ ከደሴ በደጋን እስከ ሚሌ የተደረገ የመነሻ ጥናት

በአገራችን ስለ ነገሥታት የዘር ሐረግ፣ ስለ ጤፍ ዝርያና ስለ ወንዞች ተፋሰስ ብዙ ተጽፏል። ከሹፌሩ ጉልበት ፊት ለፊት፣ ከሬዲዮው በላይ፣ ከመስታወቱ በታች ስለሚሰማው «ቀጭ ቀጭ» ግን ራሱን የቻለ ጥናት አላየንም። ጉዳዩ አንሶ አይደለም። ችግሩ የምሁራን መቀመጫ ነው፤ ከኋላ ወንበር ሆኖ ደግሞ የሚሰማው የጎረቤት ስልክ ብቻ ነው። ይህ ጥናት የተካሄደው ከጋቢና ነው።

በቅድሚያ ወሰኑን እናስምር። በሠለጠነው ዓለም አልጋና ምድጃ ያለው ቤት መኪና ላይ ጭነው ለሽርሽር የሚዞሩ ሰዎች አሉ። የዳሽቦርዳቸው ድምፅ በእጅጉ ያሳስባቸዋል፤ ሌላ የሚያሳስብ ነገር ቤት ትተው መጥተዋልና። የእኛ አገር አቻው የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ከነተሳቢው ነው። ከወንበሩ ጀርባ ፍራሽ አለ፣ በመጋረጃ ተከልሏል። ቡታጋዙ ከጎን በተበየደ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ጀበናው በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ የረዳቱ ሽርጥ መስኮቱ ላይ ይደርቃል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እነዚያ መኪናው ውስጥ የሚኖሩት ለማረፍ ነው፣ የእኛዎቹ ማረፍ ስላልቻሉ ነው።

መንገዱም ታሪክ አለው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በደጋን፣ በባቲና በሚሌ ወደ አሰብ የሚወርደውን መስመር ለመኪና ያበጀው የወረራው ዘመን የጣልያን አስተዳደር ነው። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ጭነቱ ፊቱን ከአሰብ ወደ ጂቡቲ አዙሮ በጋላፊ ይወጣል። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲሄድ ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ ሮንዴላውን፣ ባሌስትራውንና ፍሪሲዮኑን ከነስማቸው ጥሎልን ሄዷል። ለዳሽቦርድ ድምፅ ግን ምንም ስም አልተወልንም። እዚህ ላይ ራሳችንን ችለናል።

አማርኛ በዚህ በኩል ችግር የለበትም። «ተን» ብለው የሚነሱ የድምፅ ግሦች ሞልተውታል፤ በር ይንኳኳል፣ ልጆች ይንጫጫሉ፣ ሲኒ ይንቃጨላል፣ ጥርስ ይንቀጫቀጫል፣ ምጣድ ላይ ያለ በቆሎ ይንጣጣል። ዳሽቦርድ እንደ አስፋልቱ ጠባይ ሁሉንም ያደርጋል። ልብ መባል ያለበት ግን «ተን» ሲሆን አድራጊ የለም፤ አድራጊ ሲመጣ «አን» ይሆናል። ተንኳኳ፣ አንኳኳ። ጋራዥ ውስጥ የሚነሳው ጠብ ሁሉ ከዚህች ፊደል ይመነጫል። ሹፌሩ «ያንኳኳል» ይላል፤ አንኳኪ አለና ይያዝልኝ ማለቱ ነው። መካኒኩ «ይንኳኳል እንጂ» ይላል፤ በገዛ ፈቃዱ ነው፣ ተጠያቂ የለበትም ማለቱ ነው። የእጅ ዋጋው የሚቆረጠው በየትኛው ግሥ እንደተስማሙ ታይቶ ነው።

ወደ ምልከታው እንለፍ። ደሴ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፤ ንጋት፣ ብርድ፣ ጦሳ ላይ ጉም። መኪናዋ በሚኒሞ እንደቆመች ድምፁ አለ። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 600 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 30 ጊዜ ይተኩሳል። የሰው ጆሮ መስማት የሚጀምረው ከ20 ገደማ ነው። ተፈጥሮ እዚህ ላይ ብታዝንልን ትችል ነበር። ሐረጎን ስንወርድ ድምፁ ከኩርባው ጋር ይጓዛል፤ በግራ ኩርባ ወደ ሹፌሩ፣ በቀኝ ኩርባ ወደ አጥኚው። ኮምቦልቻ፣ 1,850 ሜትር ገደማ፤ ድምፁ ቀንሷል። ደጋን፤ አልፎ አልፎ። ባቲ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱም ብሬከር ላይ። ሚሌ፣ 500 ሜትር ገደማ፤ ጸጥታ። ሹፌሩ ሸሚዙን አውልቋል፤ ዳሽቦርዱ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም።

በዚህ ጊዜ ረዳቱ ጥርጣሬው ሲኒዎቹ ላይ መሆኑን ገለጸ። በመልሱ ጉዞ ስድስቱም ሲኒዎች አንድ በአንድ በሶፍት ተጠቅልለው ፍራሹ ላይ ተኙ። ባቲን አልፈን ደጋን መግቢያ ላይ ስንደርስ፣ ጸሐይ ስትጠልቅ፣ ድምፁ ተመለሰ። ሲኒዎቹ በነጻ ተለቀዋል።

ምክንያቱ አስማት አይደለም። ፕላስቲክ ሲሞቅ ከብረት በብዙ እጥፍ ይለጠጣል። አንድ ሜትር የዳሽቦርድ ፕላስቲክ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የተሸከመው ብረት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቆላ ላይ ፕላስቲኩ ያብጥና ክፍተቱን ይደፍናል። ደጋ ሲወጣ ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ እስክስታ ይጀምራል። የዳሽቦርድ ድምፅ በሽታ ሳይሆን የአየር ንብረት ነው ማለት ነው።

ድምፁ የሚመለሰው ደጋን ላይ መሆኑ ቋንቋ ለሚያውቅ አይገርምም። ደጋን ማለት ጥጥ የሚነደፍበት፣ ጅማት የተወጠረበት ቀስት ነው። ነዳፊው ጅማቱን ሲመታው ይርገበገባል፤ ጥጡ ይፈታታል፣ አቧራው ይቦናል፣ ነዳፊው ያስነጥሳል። ከተማዋ ስሟን ከዚህ ታምጣው ከሌላ መበየን የዚህ ጥናት ሥልጣን አይደለም። ሆኖም ጥጥ ነዳፊ በጅማት መርገብገብ እንጀራውን ሲያወጣ ሹፌር በዚያው መርገብገብ ራስ ምታት ብቻ ማትረፉ የሙያ ፍትሕ ጥያቄ ያስነሳል።

የሙዚቃውን ጉዳይም አላለፍነውም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው። የመነሻ መላ ምታችን ወደ ባቲ የሚሄድ ዳሽቦርድ በባቲ ይንኳኳል የሚል ነበር። አንድ ማሲንቆ ተጫዋች በነጻ ጉዞ ደልለን ጋቢና አስገባን። ከደጋን እስከ ባቲ ጆሮውን ዳሽቦርዱ ላይ ደግፎ ከቆየ በኋላ፣ አንድ ቅኝት አምስት ድምፅ እንደሚፈልግ፣ ይህ ግን ሁለት ብቻ እንዳለው፣ ሁለቱም ልካቸው እንዳልሆነ አስረዳን። ሹፌሩ በበኩሉ በየጉድጓዱ «አንቺ ሆዬ! ምን አደረግሁሽ?» እያለ መኪናዋን ሲለምናት ስለነበር ድምፁ ለጊዜው በአንቺ ሆዬ ሥር ተመዝግቧል።

ቀጣዩ የጥናቱ ምዕራፍ ጋራዥ ነው። በሌላ ቀን ኮምቦልቻ የደረስነው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ መኪናዋ ጸሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ተራ ጠበቀች። አንባቢ የፕላስቲኩን ነገር ካስታወሰ ቀጥሎ የሆነውን ይገምታል። መካኒኩ ቀረበ፣ ሞተር ተነሳ፣ ጸጥ። ሕክምና ጣቢያ በር ላይ ሲደርስ ሳሉ እንደሚጠፋ ልጅ።

«ጋሼ፣ የታለ ድምፁ?»

«ወላሂ አሁን ነበረ!»

«አብሽሩ። ሲመጣ ይጥሩኝ።»

የመጣው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መካኒኩ ራቱን አቋርጦ መጣና ጋቢና ገባ። እስከ ደጋን አብሮን ሄደ። ዘዴው የመዳፍ ዘዴ ይባላል፤ ከካቻቢቴ ይቀድማል፣ ምናልባትም ይበልጣል። መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ ያሳርፋል፤ ጸጥ። ያነሳል፤ ቀጭ። አንድ ስንዝር ይገፋል፤ ቀጭ ቀጭ። ይመልሳል፤ ጸጥ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ የሕመምተኛ ሆድ የሚዳስስ ሐኪም መስሎ። በመጨረሻ ከፍጥነት መለኪያው በስተቀኝ አንዲት ነጥብ አገኘ።

«ይኸውልዎ ጋሼ። መዳፍዎን እዚህች ላይ አድርገው ይንዱ።»

«እስከ ጂቡቲ?»

«እስከ ሚሌ ይበቃል። ከዚያ ሙቀቱ ይይዝልዎታል።»

ሹፌሩ ማርሽ የሚቀይርበትን እጅ ይዞ መቆየት እንደማይችል ስላስረዳ፣ በማግስቱ ዳሽቦርዱ ተፈታ። የተገኘው የአርኪዮሎጂ ንብርብር ነው። ከላይ የሲጋራ ካርቶን፤ ከሥሩ በናስትሮ የተጠቀለለ የከመነዳሪ ቁራጭ፤ ከዚያ ሥር ከወንበር የተቀደደ ስፖንጅ፤ ከሁሉም ሥር አራት ቦታ የታጠፈ የሎተሪ ቲኬት። እያንዳንዱ ንብርብር አንድ ጋራዥን ይወክላል፤ እያንዳንዱም «አሁን ድኗል» የተባለበት ቀን አለው። በተጨማሪ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ሁለት ሳንቲምና የለውዝ ልጣጭ። ከዚሁ መስመር ብዙም ሳይርቅ፣ ሐዳር ላይ፣ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው ሉሲ አጥንቷ የተሟላው 40 በመቶ ያህሉ ነው። የዳሽቦርዱ ብሎኖች ከዚያ ይሻላሉ። 14 ተፈቱ፤ ሲገጠም 12 ገቡ። የተረፉት ሁለቱ ለማስታወሻ ሳንቲም ማስቀመጫው ውስጥ ተጣሉ፤ ከጋራዡ ሳንርቅ አዲሱ ድምፅ ከዚያ መጣ።

እዚህ ላይ የጥናቱ ዋና ግኝት ይወጣል። የዳሽቦርድ ድምፅ አይጠገንም፤ ይዛወራል። ከመለኪያው ሥር ያባረሩት ሬዲዮው ሥር ይገባል፤ ከሬዲዮው ሲያባርሩት የጓንት ኪሱ ክዳን ላይ ይሰፍራል፤ ከዚያ ሲነቀል በሩ ውስጥ ይመሽጋል፣ በር ውስጥ ደግሞ የመስታወቱ ዘመዶች አሉ። የመኪናዋ ጠቅላላ ድምፅ አይቀንስም አይጨምርም። ይህን ሕግ በመጀመሪያ የተረዱት ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። በጭነት መኪና ሻሲ ላይ ላሜራ ቀጥቅጠው ሙሉ አካል ሲያወጡ ድምፁን አንድ ቦታ አላጎሩትም፤ ለመስኮቱም ለወንበሩም ለፖርቶመጋላውም እኩል አከፋፈሉት። ቅጥቅጥ ውስጥ የሚንኳኳው የቱ እንደሆነ የሚጠይቅ ተሳፋሪ እስካሁን አልገጠመኝም።

በቀጣዩ ሳምንት አጥኚው ለማረጋገጫ ጉዞ ደሴ መናኸሪያ ሲደርስ መኪናዋ ጸጥ ብላ ጠበቀችው። ሹፌሩ «እኔው ራሴ ገላገልኳት» አለ፤ በምን እንደሆነ ግን አልተናገረም። ሐረጎን ወረድን፤ ምንም። ኮምቦልቻን አለፍን፤ ምንም። ሹፌሩ ሬዲዮውን ከፈተ፣ ዘጋ። መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ደጋን ሳንደርስ ዳር ይዞ አቆመና ወረደ፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ ረገጠ፣ የተሳቢውን ማያያዣ ነቀነቀ፣ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ጣለ። «ምን ሆና ነው እንዲህ ዝም ያለችው?» አለ ለረዳቱ። ረዳቱ እንጃ አለ።

ከዚያ ብዙም ሳንሄድ ትራፊክ አስቆመን። ወጣት ነው፤ ሰላምታ ሰጥቶ መንጃ ፈቃድና የዓመታዊ ምርመራ ወረቀት ጠየቀ። መንጃ ፈቃዱ ወዲያው ወጣ። ሹፌሩ ቀጥሎ አጥኚውን አየው፤ ረዳቱ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ከዚያ ሹፌሩ በሁለት ጣቱ፣ ከፍጥነት መለኪያው በስተቀኝ ካለችው ክፍተት፣ ስምንት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ጎትቶ አወጣ። ጉልበቱ ላይ በመዳፉ አስተካክሎ ሰጠው።

ሞተሩ በሚኒሞ ላይ ነው፤ በሰከንድ 30 ጊዜ።

ትራፊኩ ወረቀቱን ዘርግቶ መኪናዋ ተመርምራ ብቁ ሆና መገኘቷን እያነበበ ቀና አለ።

«አባቴ፣ ይሄ ምን የሚሉት ድምፅ ነው?»

«አንብበው ሲመልሱልኝ ይቆማል» አለ ሹፌሩ።