ጋቢ ላደርስ ሄጄ ታማሚ ሆኜ ዋልኩ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ነርሲንግ አንደኛ ዓመት ናት። ብርዱ አላስጠና ብሏታልና እናቷ ጋቢ አስይዛ ላከችኝ። አድርሼ እግሬን ሳላሳርፍ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። መታወቂያዬን የኮሌጇ ግቢ ጥበቃ ዘንድ አስይዤ ስገባ ግን ልጅቷ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ቁጭ በልልን፤ ነገ የተግባር ፈተና አለን፣ ታማሚ አጥተን ነው» አለችኝ።

ምን ይባላል? ዛፍ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጓደኞቿ ከበቡኝ። አንዷ የደም ግፊት መለኪያ ይዛ «ኮትዎን ያውልቁልኝ» አለች። እንግዲህ ወዳጄ፣ ከኮቱ ሥር ያለው ሸሚዝ ክርኑ ላይ ተቀዷል። ኮት እስከተደረበ ማን ያያል ብዬ የወጣሁበት ሸሚዝ ነው። ኮቱን ቀስ ብዬ ሳወልቅ ፊቴ ጋለ፤ የሚያልፈው የሚያገድመው ተማሪ ሁሉ ክርኔን የሚያይ መሰለኝ። ልጅቷ ምንም አላለችም። እጅጌውን ከቀዳዳው በላይ አጥፋ፣ ያንኑ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ቼክሊስት የያዘው ልጅ «ገመና መጠበቅ» ብሎ ምልክት አደረገ። ለካ ይህም ይፈተናል!

ቀጥሎ አንዱ አንጓዬን በአውራ ጣቱ ያዘ። «አውራ ጣት የራሱ ምት አለው፣ የራስህን ልብ ልትቆጥር ነው» ብላ አንዷ አረመችው። በሁለት ጣቶቹ ያዘኝና ቆጠረ። ጨርሶም አልለቀቀኝም፤ ለካ እጄን እንደያዘ አተነፋፈሴን እየቆጠረ ነው። ታማሚ ትንፋሹ እንደሚቆጠር ካወቀ አተነፋፈሱ ይለወጣል። የአዋቂ ሰው ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100፣ ትንፋሹ ከ12 እስከ 20 መሆኑን ሁሉም በቃላቸው አሉ። ከዚያ የእጅ አንጓዬን 8 አጥንቶች እየነኩ በየተራ ስም ጠሩ።

ከእነዚህ ልጆች የወደድኩት ያላወቀ አለመደበቁን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እንደነገሩኝ፣ የሳተ መልሱ ይገለጥለታል፣ ያው ጥያቄ በማግስቱ ይመለስበታል፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ይደገማል። «1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ፣ ሚሊ ሊትሩ 20 ጠብታ ከሆነ፣ በደቂቃ ስንት?» ተባለች አንዷ። 42 አለች። መልሱ አልበቃቸውም፤ ስሌቱን ወረቀት ላይ አስሠሯት። ልክ ናቸው፤ ስሌቱ ነገ ከሰው ደም ሥር ጋር ይገናኛል። ሀንድአውት በቢጫ እያሰመሩ ሲደጋግሙት ያወቁት ይመስላል፤ ወረቀቱ ሲከደን ግን ማወቅና አለማወቅ ይለያያሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ የፈተና ዋዜማ ሌሊት ግን ያንን ሁሉ አይሸከምም።

ቤታችሁ የነርሲንግ ተማሪ ካለ፣ ማታ ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ እጃችሁን ዘርጉለት። ሀንድአውቱን ተቀበሉና ጠይቁት። እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁም ግድ የለም፤ እሱ በአማርኛ ያስረዳችሁ። እናንተ ከገባችሁ፣ እሱም አውቆታል ማለት ነው።