የቅንፍ ያለህ!

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን 3 ሲወጣ ሠሪዎቹ ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ፦ የድሮው ኮድ እንዳለ አይሠራም። ግልጽነታቸው ያስመሰግናል። እኛ ግን እንደ ሩቅ ዘመድ የሠርግ ጥሪ ሰማነው፤ «እንደርሳለን» አልንና ቁጭ አልን። የፓይተን 2 መሰናበቻ መጀመሪያ ለ2015 ተቆረጠ። ማን ተነቃንቆ! ወደ 2020 ተገፋ። እንዲህ ያለ ቻይ ዕድር ቢኖር ማን ለቅሶ ይደርስ ነበር?

ጠቡ የጀመረው በቅንፍ ነው። ትናንት በባዶ እግሩ ይሄድ የነበረው የጽሑፍ ማሳያው ትእዛዝ ፕሪንት፣ ዛሬ ያለ ቅንፍ ከቤት አልወጣም አለ። ይህስ ይሁን፤ ቢያንስ ይጮኻል፣ ፕሮግራሙን ያቆማል፣ ያሳፍራል። የሚያስፈራው ዝምተኛው ነው። 7 ለ2 ሲካፈል በድሮው 3 ነበር፤ በአዲሱ 3.5 ሆነ። ግማሿ እስከዚያ ድረስ የት ከርማ እንደመጣች ሒሳብ ሹማችሁን ጠይቁ።

ውለታውንም አንክድ። በዩቲኤፍ-8 የተጻፈ «ሰላም» ስንት ፊደል ነው ቢሉት አሮጌው 9 ይል ነበር፤ የሚቆጥረው ባይት ነዋ። አዲሱ ፊደል የቆጠረ ነው፣ 3 ይላል። (ሰላም ሲቆጠር ማነሱ እንኳ አዲስ ነገር አይደለም።)

ኮዱን ከ2 ወደ 3 የሚያሻግር መሣሪያም አብሮ ተሰጥቶን ነበር። «እንደርሳለን» እያላችሁ ላላችሁት፦ በ2024 ከወጣው ፓይተን 3.13 መሣሪያው ራሱ ተነሥቷል።