ማውንት ቨርነን ደርሶ ምንም ሳያዩ ለመመለስ

ቨርጂኒያ የሚኖር የኛ ሰው ሁሉ ማውንት ቨርነንን "አንድ ቀን እንሄዳለን" ይለዋል። የጆርጅ ዋሽንግተን የገጠር ቤት ከአሌክሳንድርያ የፖቶማክን ወንዝ ተከትለው ቁልቁል ቢነዱ ሩቅ አይደለም። ያ አንድ ቀን ሲመጣ በወጉ ያበላሹት።

ወደ ዋናው ቤት የሚገቡበት ሰዓት ቲኬቱ ላይ ተጽፏል። ይህ ለሌላ ሰው ነው። እርስዎ በዚያ ሰዓት ልጆቹን ቁርስ ያብሉ፤ የእማማን ነጠላ ይፈልጉ። በር ላይ "መንግሥት ለዚህም ያስከፍላል?" ብለው ያማርሩ። ቤቱ የመንግሥት ሳይሆን በ1858 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ገንዘብ አሰባስቦ ሊገዛው የተዋዋለ የሴቶች ማኅበር ንብረት መሆኑን ማወቅ ምሬቱን ያበርደዋል።

ቤቱ ፊት ቆመው ለልጆቹ "አያችሁ የድሮ ሰው የድንጋይ ሥራ!" ይበሉ። ድንጋይ አይደለም። የጥድ ሳንቃ ነው፤ ጥርብ ድንጋይ እንዲመስል ጠርዙ ተከርክሞ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ አሸዋ ተረጭቶበታል። ጠጋ ላለ ሰው የአሸዋው ቅንጣት ይታያል፤ ስለዚህ አይጠጉ። ትንሹ ልጅ "ዳዲ፣ እንጨት ነው እኮ" ካለ "ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ይባላል" ይበሉት።

መግቢያው ኮሪደር ላይ አንድ ትልቅ የብረት ቁልፍ ተሰቅሏል። "የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ነው" ብለው ይለፉ። የፓሪሱ የባስቲል እስር ቤት ቁልፍ እንደሆነ፣ ፈረንሳዊው ጄኔራል ላፋየት በ1790 የነፃነት ምልክት ብሎ ለዋሽንግተን እንደላከው፣ ተቀባዩም በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን በባርነት እያሠራ ግድግዳው ላይ እንደሰቀለው ካስረዱ ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄ ደግሞ ሰልፍ ያጓትታል።

ለእማማ የሚያስተረጉሙት እርስዎ ነዎት። አስጎብኚዋ አምስት ደቂቃ ስታወራ "ሀብታም ነበር ነው የምትለው" ብለው ይገላገሉ። በተለይ መኝታ ቤቱ ጋ ይጠንቀቁ። ሰውየው ጉሮሮውን ታሞ ዲሴምበር 14 ቀን 1799 እዚህ ሲሞት፣ ሐኪሞቹ በአንድ ቀን ደጋግመው ደሙን አፍስሰውታል። ይህን የሰሙ እንደሆነ እማማ "ኧረ ዋግምቱ ነው የጨረሰው!" ብለው ቤቱን ይሞሉታል። ይፈሩ፤ ይሸማቀቁ። ደሙ መፍሰሱ ሕመሙን እንዳባሰው የሚናገሩ የዛሬ ሐኪሞች መኖራቸው እርስዎን አይመለከትም።

የሰው ሠራሽ ጥርሱ ነገር ከተነሣ "የእንጨት ነው" ይበሉ፤ ሁሉም እንደዚያ ይላል። የዝሆን ጥርስ፣ የሰውና የእንስሳ ጥርስ፣ እርሳስም ነበረበት። የ1784 የሒሳብ መዝገቡ ላይ ለዘጠኝ ጥርስ ለጥቁሮች የተከፈለ ገንዘብ አለ፤ ከምሳ በፊት ባያነሡት ይሻላል።

ማእድ ቤቱን ግን ጨርሶ ይዝለሉት። እማማ ከገቡ አይወጡም። እንደ አገር ቤት ከዋናው ቤት ተነጥሎ የተሠራ ነው፤ እሳቱም ሽታውም ከጌቶቹ እንዲርቅ። ምድጃውን አጎንብሰው ያዩና "እዚህ ማን ነበር የሚሠራው?" ብለው ይጠይቃሉ። ሄርኩለስ ይባል ነበር። ፊላደልፊያ፣ የፕሬዚዳንቱ ቤት ሳለ፣ በሙያው የተመሰገነ ወጥ ቤት ነበር፤ ኋላ እዚህ መልሰው ሸክላ አፈር ያስቆፍሩት፣ ድንጋይ ያስደቅቁት ጀመር። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1797፣ ጌታው 65 ዓመት በሞላበት ዕለት፣ እብስ አለ። ቢያፈላልጉትም አልተመለሰም። ይህን በደንብ ካስተረጎሙ እማማ እልልታቸውን ያቀልጡታል፤ ጥበቃ ይመጣል፤ እርስዎም በእንግሊዝኛ ማስረዳት ሊኖርብዎ ነው።

በመጨረሻ የዋሽንግተን መቃብር አለ። እዚያ ዘመድ አዝማዱን አሰልፈው ፎቶ ይነሡ፤ አንዱ ዓይኑን ስለጨፈነ ይድገሙት። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ በባርነት የኖሩት ሰዎች የተቀበሩበት ዛፍ የሞላው ቦታ ነው። ዋሽንግተን በሞተበት ዓመት እርሻዎቹ ላይ 317 ነበሩ፤ እዚህ ከተቀበሩት በአንዳቸውም መቃብር ላይ ስም የለም። በ1983 የቆመውን መታሰቢያ የነደፉት የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። የእርስዎ ልጅ ሃዋርድ ለመግባት ማመልከቻ እየጻፈች ቢሆንም አይንገሯት። "ጫካ ነው፣ መዥገር አለው" ብለው ይመልሷቸው። እማማ ቀድመው ገብተው ማማተብ ከጀመሩ ክንዳቸውን ያዝ ያድርጉ፤ ሱቁ ሊዘጋ ነው፣ የፍሪጅ ማግኔት ደግሞ ለአሥራ አንድ ቤት ቃል ገብተዋል።